በየአሥር ደቂቃው «እትዬ ሰገዱ፣ ደህና ነዎት?»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ሁሉ ቃሉን ጠብቆ፣ ጉዳዩ ግን ሳይሆን የቀረበት ቀን ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ገጥሞኛል። አርካዊት በሚባል የካርቱም ሰፈር የአንድ ወዳጃችን ልጅ ስትዳር ድንኳን ተካዩ «ከቀትር ሶላት በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ነበር፤ ከቀትር ሶላት በኋላ መጣ። ወንበር አከራዩ «ድንኳኑ ሲቆም ጥሩኝ» አለ፤ ድንኳኑ ሲቆም ተጠራ፣ መጣ። በረዶ አቅራቢው «ወንበሩ ሳይደረደር በረዶ ባመጣ ይቀልጥብኛል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ካርቱም ነው፣ ወንበሩ ሲደረደር ከተፍ አለ። የሙሽራዋ መኪና ነጂ ደግሞ «መጠጡ መቀዝቀዙን ስትነግሩኝ እነሳለሁ» ብሎ፣ በነገሩት ደቂቃ ተነሣ። አንድም ሰው ቃሉን አላጠፈም። ሙሽራዋ የደረሰችው ግን እንግዳው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጫማውን ሲፈልግ ነው። ታዲያ ማንን ትወቅሳላችሁ? የሚወቀስ የለም። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ባለቤቴ ጌታሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚያን ዕለት ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሲስቅ አየሁትና ጠጋ ብዬ «ምን ያስቅሃል፣ የሰው ሠርግ ተበላሽቶ» አልኩት። «ይኸውልሽ፣ የኔ ጥናት ቆሞ ሲሄድ» አለኝ። በሰው ሠርግ የሚደሰት ብዙ አይቻለሁ፤ በሠርግ መዘግየት የተደሰተ ግን ከሱ ሌላ አላየሁም።

ጌታሁን አገር ቤት ሳለን የሒሳብ መምህር ነበር። ሱዳን ያመጣን ፖለቲካ ነው፤ የትኛው ፖለቲካ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ሲርቁት አንዱ ካንዱ ይሄን ያህል አይለይም። ካርቱም ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒዩተር ክፍል ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው። ጠዋት ይከፍታል፣ አቧራ ያራግፋል፣ የተበላሸውን ይጠግናል፤ አስተማሪዎቹ የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ሰው ሳያይ ያስረዳቸዋል። ተማሪዎቹ «ያ ዐም» ይሉታል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ክብር ነው፣ ክብር አይደለም አልልም። ግን ለዘበኛውም፣ ለሻይ አፍዪውም፣ ረክሻ ለሚሉት ባጃጅ ነጂውም የሚሰጥ ክብር ነው። «ኡስታዝ» የሚባለው የሚያስተምር ብቻ ነው። ጌታሁን «ያ ዐም» ሲሉት ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። እኔ ግን ሚስቱ ነኝና የማየው ፈገግታውን አልነበረም፤ አንገቱን ነበር። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ አንገቱ ትንሽ ይደርቃል።

አንድ ቀን ኮሌጁ «ሁለተኛ ዲግሪ ብትይዝ እናስተምርህ ነበር» አለው። እንዲህ ያለው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚባለው ሰውየው እንደማይዘው ስለሚታወቅ ነው። ጌታሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ሄዶ ተመዘገበ።

የጥናቱን ርዕስ አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ምክንያቱም የተየብኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ነበረችኝ። «ተቀናጅተው በሚሠሩ የድር አገልግሎቶች ውስጥ የአገልግሎት ስምምነት መከበሩን የሚከታተሉ መሣሪያዎች ግምገማ» ይላል፣ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄን ሁሉ ስም የተሸከመ ልጅ እንዴት ያድጋል» ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ያ ሠርግ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ሰው የታዘዛችሁ ይመስላችኋል፤ ከበስተጀርባ ግን አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ወንበር ያመጣል፣ አንዱ በረዶ ይጭናል። እያንዳንዳቸው «በዚህን ያህል ጊዜ እመልሳለሁ» ብለው ፈርመዋል። ሙሽራዋ ስትዘገይ ቃሉን ያጠፈው ማን እንደሆነ የሚለይ መከታተያ ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሲበጠስ የትኛው ክር እንደከዳ ግን አንበሳው አይነግራችሁም።

መከታተያዎቹን ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። በሱዳን ላይ ማዕቀብ ነበርና ገጹን ሲከፍት «ካሉበት አገር ሆነው ይህንን መጠቀም አይፈቀድልዎትም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጌታሁን «ካለሁበት አገር መኖርስ መቼ ተፈቀደልኝ» ይልና የመኖሪያ ፈቃዱን አውጥቶ ያየዋል፤ ሁልጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀረው ነበር። በመጨረሻ ሦስቱንም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በፍላሽ ይዞለት መጣ። እውነተኛ ስማቸው አፍ ስለማይሞላ እኔ ስም አወጣሁላቸው። አንደኛው «ጸሐፊው» ነው፤ እያንዳንዱ አገልግሎት ስለ ራሱ የመዘገበውን ሰብስቦ ያነባል። እንዳያችሁት ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ሁሉም ጻድቅ ነው። ሁለተኛው «በረኛው» ነው፤ መሐል በር ላይ ይቀመጥና ወጪ ገቢው ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል፤ ሰልፍ ያበዛል። ሦስተኛው «ጠያቂው» ነው። እሱ አይመዘግብም፣ በር ላይም አይቆምም፤ በየጊዜው እየላከ «አለህ ወይ?» ይላል። መልስ ካገኘ አረንጓዴ፣ ካጣ ቀይ።

መሣሪያ ለመገምገም የሚገመገምበት ነገር ያስፈልጋል። የጌታሁን መሪ አስተማሪ፣ እነሱ ሙሽሪፍ የሚሉት፣ «የውሸት አገልግሎት አልቀበልም፣ ሰው የሚጠቀምበት እውነተኛ ነገር ላይ ሞክር» አለው። ጌታሁን አሰበና ለእኛው ሰው የሚሆን አንድ የጉዞ ገጽ ሠራ። ለፋሲካ ከካርቱም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ስሙንና ቀኑን ይሞላል፤ ገጹ ካርቱም ያለውን የአውቶቡስ ቢሮ ወንበር ይጠይቃል፣ ድንበሩ ላይ ተቀብሎ በድልድዩ የሚያሻግረውን ሰው ይጠይቃል፣ ጎንደር ያለውን ማረፊያ አልጋ ይጠይቃል። ሦስቱም «አለ» ካሉ መንገደኛው መልካም ጉዞ ይባላል።

ካርቱምና ጎንደር ኮምፒዩተር ነበራቸው። ድንበሩ ላይ የነበሩት ግን እትዬ ሰገዱ ናቸው።

እትዬ ሰገዱ መተማ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ምግብ ቤት ያላቸው ስድሳ የሞላቸው ሴት ናቸው። ጌታሁን ያወቃቸው በታናሽ ወንድማቸው በአያሌው በኩል ነው። አያሌው ኦምዱርማን ጎማ ቤት አለው፤ እትዬ ሰገዱ እናታቸው ስትሞት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት ነው፣ ስሙን ሲጠሩ እንኳ ድምፃቸው ይለወጣል። ኮምፒዩተር የላቸውም፤ የወንዙን ማዶ የሱዳን መስመር የሚስብ ባለ ቁልፍ ስልክ ግን አላቸው። ስለዚህ ጌታሁን እንዲህ አደረገ፦ ገጹ መልእክት ይልክላቸዋል፣ እሳቸው መንገደኛ መቀበል ከቻሉ አንድን፣ ካልቻሉ ሁለትን ይጫናሉ። በኮምፒዩተሩ ዓይን እትዬ ሰገዱ እንደማናቸውም የድር አገልግሎት ናቸው። ስምምነቱን አያሌው በስልክ ሲያስረዳቸው «ለጌታሁን ትምህርት ነው» አላቸው፤ «ለትምህርት ከሆነማ ሌሊትም ቢሆን እጫናለሁ» አሉ። ፊርማ የሚባል ነገር አልነበረም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል።

ጸሐፊውና በረኛው በየተራቸው አንዳንድ ሳምንት ሠሩ። ምንም አልተፈጠረም። መንገደኛው ሄደ፣ እትዬ ሰገዱ አንድን ተጫኑ፣ ጎንደር አልጋ ተገኘ። ጌታሁን ተከዘ። አያችሁ፣ ማንም ቃሉን ካላጠፈ ቃል ማጠፍን የሚይዝ መሣሪያ እንዴት ይገመገማል? «አንድ ጊዜ እንኳ ቢያስቀሩብኝ ምናለ» ይል ነበር። ምቀኛ እየሆነ ነው ብዬ ለንስሐ አባቱ ልነግር ዳርዳር አልኩ።

ሦስተኛው ሳምንት የጠያቂው ተራ ሆነ። ጠያቂው በየአሥር ደቂቃው፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሰባት ቀን መላክ አለበት። ጌታሁን መልእክቱን ሲያዘጋጅ «ሁኔታ?» ብሎ ብቻ ጻፈ። እኔ ከትከሻው በላይ አየሁና ደነገጥኩ።

«ለእትዬ ሰገዱ ነው እንዲህ የምትልክላቸው?»

«መሣሪያ ነው እኮ የሚልከው።»

«መሣሪያው ያንተ ነው። ስድብ ሲሆን ያንተ ይሆናል።»

ጌታሁን ክርክር የሚወደው በቁጥር ሲሆን ነው፤ በይሉኝታ ከመጡበት ቶሎ ይረታል። ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ እኔም በእጄ እንዲህ ብዬ ተየብኩ፦ «እትዬ ሰገዱ፣ ደህና ነዎት?» ስልካቸው የእኛን ፊደል ስለማያሳይ በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፍኩት፣ እሱንም እንደምንም ያነቡታል። ጨዋ መልእክት ነበር። ያበላሸሁትም እዚያች ላይ ነው።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ፈረንጅ ስልክ አንሥቶ «እገሌ ሞተ» ይላል አሉ። እኛ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለንም። መጀመሪያ አንዱ ይደውልና «እንደምን አለሽ፣ ደህና ነሽ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው «ቤት ነሽ? ማን አለ ከአንቺ ጋር?» ይላል። ሦስተኛው «እገሌን ትንሽ አመም አድርጎት ነበር» ይላል። ያን ጊዜ «ሞቷል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ኧረ በስመ አብ፣ ምን አባቱ ይሞታል» ይላችኋል፤ እናንተም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማልቀስ ትችላላችሁ። ያለ ምክንያት ደጋግሞ ደህንነታችሁን የሚጠይቅ ሰው ስለ እናንተ አይደለም የሚያውቀው፤ ስለ ሌላ ሰው ነው።

እትዬ ሰገዱ በኋላ እንደነገሩን፣ የመጀመሪያው ቀን ደስ አላቸው። «የወለድኳቸው እንኳ እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም» ብለው ለምግብ በላተኛው ሁሉ ስልካቸውን አሳዩ፤ ወጥ እያማሰሉም አንድን ተጫኑ። በሁለተኛው ቀን «ይሄ ሰው ምን ሆኗል?» አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጃቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ጌታሁን ካርቱም ነው። ካርቱም ያለው የሳቸው ሰው አያሌው ብቻ ነው። ለአያሌው ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። (በዚያ ሳምንት የአያሌው ስልክ ከኪሱ ወድቆ እሱ ራሱ በነፋው የጭነት መኪና ጎማ ስር ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ብፈጥረው አታምኑኝም ነበር።) ከዚያ ለጌታሁን ደወሉ። እኔ ነበርኩ አጠገቡ።

«ወንድሜ ጌታሁን፣ ንገረኝ። አልጮህም።»

«ምኑን እትዬ? ምንም የለም።»

«አያሌው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ምን ይሆናል ብለው ነው።»

«አይተኸዋል ዛሬ?»

ጌታሁን ውሸት አይችልም። «ዛሬ እንኳ አላየሁትም» አለ።

እዚያ ማዶ ስልኩ ተዘጋ። ጌታሁን «ጤነኛ ናቸው፣ መስመሩ ነው የተቋረጠው» ብሎ ስልኩን አስቀመጠና ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጠያቂው ላከ፤ መልስ የለም። ሰሌዳው ላይ መተማ የምትለዋ ክብ ቀይ ሆነች። ጌታሁን ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። «ያዘው፣ በአሥር ደቂቃ ያዘው» ይላል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር በሰው እንባ እንዲያ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንባ መሆኑን ደግሞ አላወቀም።

ክቡ በማግስቱም ቀይ ነበር። ድልድዩ ላይ ሁለት መንገደኞች ተቀባይ አጥተው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ጌታሁን መዘገበ። ልደውል አልኩት፤ «አይሆንም፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እጃችንን ካስገባን ሙከራው ይበላሻል» አለኝ። ይሄን ጊዜ እትዬ ሰገዱ ምግብ ቤቱን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስት የመተማ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ገዳሪፍን አልፈዋል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሲሆን የኬላ ጠባቂም ይለሰልሳል።

ከቀትር በኋላ ነው በራችን ላይ ሁለት ረክሻ የቆመው። ኦምዱርማን ያልሄዱት ቤቱን ስለማያውቁት ነው፣ ደግሞም መርዶውን የያዝነው እኛ ነን ብለዋል። ከረክሻው ሳይወርዱ «ወንድሜን» ብለው ሲጀምሩ ጎረቤታችን ሐጃ ኒዕማት ሰምታ ወጣች። የሱዳን ሴት ማን እንደሞተ ጠይቃ አታለቅስም፤ አልቅሳ ነው የምትጠይቀው። እሷን ሰምተው ሌሎቹ ወጡ። ባንድ ጊዜ በራችን በነጭና በባለቀለም ቶብ በተጠቀለሉ ሴቶች ተሞላ፣ ወንዶቹ ወንበር ማውጣት ጀመሩ፣ አንዱም ውሃ የሚያመጣ ላከ። ጌታሁን መሐላቸው ቆሞ «ሰው አልሞተም፣ እመኑኝ» ይላል። ማን ይመነው? እንዲያ ነዋ የሚባለው። እኔ ራሴ፣ እውነቱን የማውቀው ሴትዮ፣ የሳቸውን ፊት ሳይ አያሌው የሞተ መሰለኝና አለቀስኩ።

አያሌውን የጠራው ወንበር ከሚያወጡት ጎረቤቶቻችን የሚያውቀው አንዱ ነው፤ የጎማ ቤቱ ጎረቤት ጋ ደውሎ «እህትህ በለቅሶ መጥታለች» ብሎ አስነገረው። አያሌው እጁ በግሪስ እንደጠቆረ እየሮጠ ገባ። እህቱን በተዘቀዘቀ ነጠላ ሲያይ ምን አሰበ? መተማ የቀረ ዘመድ ሞቷል ብሎ ነዋ። ተንደርድሮ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። እትዬ ሰገዱም ዓይናቸው በእንባ ተሸፍኖ ማን እንደሆነ ሳያዩ አቀፉት፣ አብረው አለቀሱ። ጥቂት ካለቀሱ በኋላ አያሌው «እትዬ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አለ።

እትዬ ሰገዱ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ነሃ» አሉት።

ከዚያ የሆነውን ግርግር አልነግራችሁም፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ አሁንም ያለቅሳል፣ ሐጃ ኒዕማት «ታዲያ የሞተው የታል?» እያለች ትዞራለች። ሁሉም ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በጌታሁን ላይ ፊታቸው ጠቁሯል፤ «የሰውን ልብ በከንቱ የሚያንቀሳቅስ ምን ዓይነት ሰው ነው» ብለው ሊያፋጥጡት ሲሉ፣ ከእትዬ ሰገዱ ጉያ ስልኩ ጮኸ። አውጥተው አነበቡት። «እትዬ ሰገዱ፣ ደህና ነዎት?» ይላል። ቀና ብለው ጌታሁንን አዩ። ጌታሁን ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል፣ ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ስልኩን አልያዘም።

«አንተ እዚህ፤ ጥያቄህም እዚህ» አሉ ቀስ ብለው።

«ኮምፒዩተር ነው እትዬ። እሱ ነው በየአሥር ደቂቃው የሚልከው። መኖርዎን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

እትዬ ሰገዱ ስልኩን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩት፣ መለሱት። «ሰው ካልሆነ» አሉ፣ «ደህና ነሽ ብሎ መጠየቁ ምን ይሠራለታል?»

ጌታሁን ያን ዕለት ማታ ራት አልበላም። ሲጽፍ ነው ያመሸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ እየሰረዘ እየደለዘ አራት ገጽ ጻፈ፣ አምስተኛው ምዕራፍ ውስጥ አስገባው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሦስቱ ሳምንት ሙሉ የተቋረጠው አገልግሎት አንድ ብቻ ነው፤ መተማ ላይ፤ ያንንም በአሥር ደቂቃ የያዘው ጠያቂው ነው። ጸሐፊውና በረኛው በየሳምንታቸው ምንም ስላልተቋረጠ ምንም አልያዙም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ጠያቂው አንደኛ ወጣ። ያቋረጠው ግን ማን ነው? ጠያቂው ራሱ። አራቱ ገጾች የሚሉት ይህንን ነበር፤ የእትዬ ሰገዱን ጥያቄም ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎት ነበር።

ጥናቱን የሚከላከልበት ቀን፣ ሙናቀሻ የሚሉት፣ ደረሰ። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ሀሺም የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። የመተማው ታሪክ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ መነጽሩን መልሰው አደረጉና «ያ ኡስታዝ» አሉት። ኡስታዝ ነው ያሉት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቱን አየሁ፣ እንደ ልጅ አንገት ለስልሶ ነበር። «ያ ኡስታዝ፣ ወላሂ፣ ይሄንን ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ። ከጥናቱ ግን አውጣው። ይሄ ወሬ ነው። ሠንጠረዡ ጥሩ ነው፣ ሠንጠረዡ እንዳለ ይቆይ።»

ጌታሁን «ሠንጠረዡ ብቻውን ከቆመ ይዋሻል» አለ። «ቤት አቃጥሎ ከሁሉ ቀድሞ እሳት እሳት ያለ ሰው ሽልማት ይገባዋል?»

ሰዉ ሳቀ። ዶክተር ሀሺም ግን አልሳቁም፤ በደግነት ነው ያዩት። «በአሥር ቀን ውስጥ አራቱን ገጾች አውጥተህ ታስረክባለህ፤ አልፈሃል» አሉት። ምዝገባው ሁለት ጊዜ ተራዝሞለታል፤ ሦስተኛ ጊዜ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን።

ቤት ስንደርስ «አልቆርጥም» አለኝ።

«አራት ገጽ ነው» አልኩት።

«ቢሆንም።»

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው?»

«ማንም አያነበውም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንድ ቀን አንድ ሰው ያነበው ይሆናል። ጠያቂው አንደኛ ነው ብሎ ወስዶ ሌላ እትዬ ሰገዱ ላይ ይተክለዋል። ያኔ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ስምንት ቀን እንዲህ ሆነን አለፈ። ይሄዳል፣ ክፍሉን ይከፍታል፣ አቧራ ያራግፋል፣ «ያ ዐም» ይሉታል፣ ይመለሳል። ምሳ ሳቀርብለት ይበላል፣ ስለ ገጾቹ አያነሣም። ትክክል እንደነበር ያኔም አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የፈለግሁት እውነትን አልነበረም። ኡስታዝ ነበር የፈለግሁት። እኔ ያሳመርኩት አንድ ጨዋ መልእክት ባይኖር ኖሮ ደግሞ ይሄ ሁሉ ነገር ባልመጣ፤ ይሄም ያንገበግበኛል።

በዘጠነኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ሰው አልነበረም። ፋይሉን ከፈትኩ። ሦስት ሳምንት የተጻፈ አራት ገጽ ለማጥፋት አንድ ጣት በቃ። የገጽ ቁጥሩ ራሱን በራሱ አስተካከለ፤ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚያሳይ አንዲት ክፍተት እንኳ አልቀረም። አትሜ፣ ሱቅ አረቢ የሚባለው ገበያ ወስጄ አስጠረዝኩት። አረንጓዴ ጨርቅ፣ የወርቅ ፊደል፤ ስሙ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሰጠሁት። ተቀብሎ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ገለጠው። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሠንጠረዡን አየ፣ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጠ፣ ተመልሶ ሠንጠረዡን አየ። እኔ የሽንኩርት መክተፊያውን ይዤ ቆሜአለሁ። ዘጋው። ጀርባውን በመዳፉ ዳበስ አደረገና «ማሰሪያው ጥሩ ነው» አለ። ኮቱን ለብሶ፣ ይዞት ወጣ።

ሦስት ሴሚስተር አስተማረ። ኮሪደሩ ላይ «ያ ኡስታዝ» ሲሉት አንድ ቀን ሄጄ ሰምቻለሁ። ልቡ እስክትቆም ድረስ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ቀብሩ ላይ እትዬ ሰገዱ ከመተማ መጥተው ነበር። ማንም ቀድሞ ደህና ነዎት ብሎ አልደወለላቸውም፤ አያሌው በቀጥታ «ጌታሁን ሞተ» ብሎ ነው የነገራቸው። እንዲያ እንዲነግራቸው ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ያ አረንጓዴ ጥራዝ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። ምናልባት አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ያገኘው ይሆናል። ያገኘ ሰው እባካችሁ ይሄን ይወቅልኝ፦ ሠንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣው መሣሪያ አንደኛ አይደለም። ባሌ አልዋሸም፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።